ምዕራፍ 7፦ የሚነቃነቀው የደረጃ ቋሚ

በቤት ውስጥ እንደ ደረጃ ቋሚ ብዙ እጅ የሚያርፍበት ነገር ጥቂት ነው። ሽማግሌው ሲወጣ ይይዘዋል፤ ልጁ ሲወርድ ተንጠልጥሎበት ይዞራል፤ ሠርግም ሆነ ለቅሶ ሆኖ ቤቱ በሰው ሲሞላ ሁለት ሦስት ሰው ባንዴ ይደገፈዋል። ጆንያ ተሸክሞ የሚወጣ ሰው እግሩ ሲከዳው እጁ ቀድሞ የሚፈልገው እሱን ነው። ቋሚው መላላቱን የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ግን ማንም ሳይነካው ወራት ያልፋሉ። ቤተኛው ይለምደዋል፤ ልጆችም «እሱን አትያዙ» ይባላሉ። እንግዳውን ግን ማን ያስጠነቅቀዋል?

በመጨረሻ ይጠገን ሲባል የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ብሎን ይግባበት ወይስ በኮላ ይጣበቅ? የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ፣ ይህ ጥያቄ መምጣት ያለበት መጨረሻ ላይ ነው የሚል ነው። መቅደም ያለበት «ቋሚው ለምን ላላ?» የሚለው ነው። ምክንያቱ ከታወቀ መፍትሔው አብሮት ይመጣል። ምክንያቱ ሳይታወቅ የገባ ብሎንም ሆነ የተቀባ ኮላ ግን ዓመት ሳይሞላው ሥራውን ያስደግማል።

ነገሩን የምናየው በባሌ ደጋ፣ በሮቤና በጎባ ዙሪያ ነው። የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። የአገሩ አየር በአንድ ዓመት ውስጥ እንጨትን ደጋግሞ ያረጥባል፣ ደጋግሞ ያደርቃል፤ ስለዚህ አንድ መገጣጠሚያ ለምን እንደሚላላ ለመረዳት ጥሩ ቦታ ነው። ሁለተኛ፣ በቆዩ ቤቶች ውስጥ ያለው የአገር ቤት እንጨት ዛሬ እንደልብ የሚተካ አይደለም፤ ጠግኖ ማቆየት ቤቱን ብቻ ሳይሆን ደኑንም ይጠቅማል።

ጉልበቱ ያለው እግሩ ላይ ነው

የአጥር ቋሚ የሚነቅል ገበሬ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ አይጎትትም። ጫፉን ይዞ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዘዋል፤ ጥቂት ከተወዛወዘ በኋላ መሬቱ ራሱ ይለቅለታል። በደረጃ ቋሚ ላይም በየቀኑ የሚደርሰው ይኸው ነው። ሊነቅለው የሚያስብ ባይኖርም፣ የሚይዘው ሁሉ የሚይዘው ጫፉን ነው፤ የሚገፋውም ወደ ጎን ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ቋሚው ከወለሉ በላይ 90 ሴንቲ ሜትር ይቆማል እንበል። አንድ ሰው ጫፉን በ50 ኪሎ ኃይል ወደ ጎን ገፋው፤ ተደናቅፎ የሚወድቅ አዋቂ ከዚህም በላይ ይገፋል። ቋሚው ወለሉ ላይ ብቻ ተቀምጦ በብሎን የታሰረ ከሆነ፣ ብሎኑም ቋሚው ከሚያዘነብልበት ጠርዝ የሚርቀው 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ፣ 90 ለ5 ሲካፈል 18 ይሆናል። ስለዚህ ብሎኑ ላይ የሚያርፈው 50 ኪሎ ሳይሆን የ50 ኪሎ 18 እጥፍ፣ ማለትም 900 ኪሎ ነው። አሁን ያው ቋሚ ወለሉን አልፎ 25 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ወርዶ፣ የታችኛው ጫፉ ወለሉን ከተሸከመው ሞራሌ ጋር በብሎን ተያዘ እንበል። 90 ለ25 ሲካፈል 3.6 ነው፤ የታችኛው ብሎን የሚሸከመው 180 ኪሎ ይሆናል። የገፋው ሰው ያው ነው፣ ብሎኑም ያው ነው፤ የተለወጠው መያዣው የተቀመጠበት ርቀት ብቻ ነው።

ይህ ስሌት ለጥንቃቄ የተጋነነ እንዳይመስል፣ የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ የደረጃ መደገፊያ በየትኛውም ነጥብ ላይ፣ ከየትኛውም አቅጣጫ የሚመጣ 200 ፓውንድ፣ ማለትም 90 ኪሎ ገደማ፣ እንዲሸከም ያዛል። በመጀመሪያው አሠራር ይህ ክብደት እግሩ ላይ ያለውን ብሎን ከ1,600 ኪሎ በላይ ያስጎትተዋል።

ከዚሁ ስሌት የሚያጽናና ነገርም ይገኛል። እግሩ ላይ ያለ ትንሽ ክፍተት ጫፉ ላይ በዚያው እጥፍ ገዝፎ ይታያል። ጫፉ 18 ሚሊ ሜትር ያህል የሚወዛወዝ ቋሚ፣ ብሎኑ ከጠርዙ 5 ሴንቲ ሜትር የሚርቅ ከሆነ፣ እግሩ ላይ የከፈተው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በጣም የሚነቃነቅ ቋሚ ሁሉ የተበላሸ ቋሚ አይደለም። ያቺን አንድ ሚሊ ሜትር ያገኘ ሰው ጥገናውን አጋምሶታል።

ሁለት ዝናብ፣ አንድ ረጅም በጋ

ከሮቤ እስከ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ ጎባ ከሮቤ ትበልጣለች። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ሽቅብ እየወጣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቲን አምባ ያቋርጣል። አገሩ የስንዴና የገብስ ነው፤ በበልግና በመኸር ሁለት ጊዜ ይዘራል፣ ሁለት ጊዜም ይታጨዳል። ለገበሬው በረከት የሆነው ይህ የሁለት ዝናብ ሥርዓት እንጨቱን ግን ዕረፍት ይነሳዋል። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት አብዛኛው ጊዜ እርጥብ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ደግሞ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ፣ አየሩ ደረቅ ይሆናል።

እንጨት ተቆርጦ፣ ተሰንጥቆና ተልጎ ቤት ከገባም በኋላ ከአየሩ ጋር ውኃ መቀባበሉን አይተውም። በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ የአየሩ እርጥበት 80 በመቶ ሆኖ ከሰነበተ እንጨቱ የደረቅ ክብደቱን 16 በመቶ ገደማ ውኃ ይይዛል። አየሩ ወደ 40 በመቶ ሲወርድ ግን እንጨቱም ወደ 8 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ውኃ ሲገባበት ያብጣል፣ ሲወጣለት ይኮማተራል፤ ነገር ግን በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። ቁመቱ ላይ የሚታየው ለውጥ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ለውጡ ያለው ወርዱ ላይ ነው፤ እዚያም ቢሆን የዕድገት ቀለበቱን ተከትሎ የሚኮማተረው ከመሃል ወደ ቅርፊት ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ይሆናል። ለዚህ ነው አራት ማዕዘን ሆኖ የተላገ ቋሚ ሲደርቅ የሚንጋደደው፣ ክብ ሆኖ የተበሳ ቀዳዳም ወደ ሞላላነት የሚያዘነብለው። በደረቁና በእርጥቡ ወቅት መካከል የ5 በመቶ የውኃ ልዩነት ካለ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው እንጨት ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ሊጠብ ይችላል። እግሩ ላይ የፈለግናት ያች አንድ ሚሊ ሜትር አንዷ ምንጯ ይህ ነው።

ብረት ደግሞ ውኃ አይጠጣም። በክረምት ጥብቅ ብሎ የታሰረ ብሎን በጥር ሲታይ ርዝመቱ ያው ነው፤ በጭንቅላቱና በዳዶው መካከል የያዘው እንጨት ግን ቀጥኗል። ስለዚህ ብሎኑ ሳይነካ ይላላል።

በምላስና በቀዳዳ የተገጣጠመ ቋሚም ከዚህ አያመልጥም። በዝናቡ ወቅት ምላሱ ለማበጥ ይሞክራል፤ ቀዳዳው ግን ቦታ አይሰጠውም። ማበጥ ያቃተው እንጨት ውስጡ ይጨፈለቃል። በጋው ሲመጣ ከመጀመሪያው ልኩ ያነሰ ሆኖ ይደርቃል። በዓመቱ እንደገና ይጨፈለቃል፣ እንደገና ያንሳል። የላላውን መገጣጠሚያ ውኃ አፍስሶ ለማጥበቅ መሞከር ይህንኑ ጉዳት ማፋጠን ነው፤ ለሳምንት ይጠብቃል፣ ሲደርቅ ከበፊቱ ብሶበት ይገኛል።

እንጨቱ ምንድን ነው?

ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በ1880ዎቹ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ዛሬ ቋሚው፣ ማገሩና ወራጁ አብዛኛው እሱ ነው። ጠንካራ ነው፤ ችግሩ ሳይደርቅ ሥራ ላይ መዋሉ ነው። ገና እርጥብ የሆነ 10 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ባሕር ዛፍ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ሊጠብ ይችላል፤ እየደረቀም ይጠመዘዛል፣ ይሰነጠቃል። አዲስ ቤት ውስጥ ያለ የባሕር ዛፍ ቋሚ በመጀመሪያው በጋ ቢላላ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ የሚጠበቅ ነው። የተሻለው ግን አስቀድሞ ጥላ ሥር በመሃሉ አየር እንዲገባ እየለያዩ ደርድሮ ማድረቅ ነው። ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት የሚለው የቆየ የአናጺዎች ልማድ ጥሩ መነሻ ነው።

የፈረንጅ ጽድ ቀላልና ለመላግ የሚመች ነው፤ ግን ለስላሳ በመሆኑ ብሎን ሲጠብቅበት ሮንዴላው ወደ ውስጥ ይሰምጣል። የአገሩ ጽድ መበስበስንና ነቀዝን በደንብ ይቋቋማል፤ በአንጻሩ ሳይበሱ ምስማር ከመቱበት ቁመቱን ተከትሎ ይሰነጠቃል። ዋንዛ ለመሮም ለመላጊያም የሚታዘዝ እንጨት ስለሆነ አናጺ ይወደዋል።

በዲንሾ፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ባለበት አካባቢ፣ ጽድና ኮሶ ዛሬም ቆመው ይታያሉ። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅም ጽድን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ዋንዛን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። እነዚህ ዛፎች ለቋሚነት የሚበቃ ግንድ ለመያዝ የሰው ዕድሜ ያህል ይፈጃሉ። ቤትዎ ውስጥ የጽድ ወይም የኮሶ ቋሚ ካለ፣ ስለላላ ብቻ ነቅለው ለማገዶ አይስጡት። ከአዲሱ ባሕር ዛፍ ይልቅ እሱ ሊጠገን ይገባዋል።

ከብሎኑ በፊት ምርመራው

ምርመራው ሁለት ሰው፣ አንድ ባትሪ፣ አንድ ወስፌና አንድ ቀጭን ወረቀት ይፈልጋል። አንዱ ጫፉን ይዞ በቀስታ ያወዛውዝ፤ ሌላው ተንበርክኮ እግሩ ላይ ባትሪ ያብራ።

መጀመሪያ የሚታየው የሚንቀሳቀሰው ምን እንደሆነ ነው። ቋሚው ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጥቁር መስመር እየተከፈተ የሚዘጋ ከሆነ የላላው መያዣው ነው። ወረቀቱን እዚያ መስመር ውስጥ ቢያስገቡት ሲከፈት ይገባል፣ ሲዘጋ ይያዛል፤ በየትኛው ጎን በኩል የበለጠ እንደሚገባ በማየት ቋሚው ወዴት እንደሚያዘነብል ያውቃሉ። ጣውላው ከቋሚው ጋር አብሮ የሚነሳና የሚወድቅ ከሆነ ግን ቋሚው ጤነኛ ነው፤ የታመመው ወለሉ ነው። አምስት ብሎን ቢጨመርበትም የሚያስረው ከሚንቀሳቀስ ነገር ጋር ስለሆነ ለውጥ አያመጣም። ሦስተኛው ዕድል ያለው ከላይ ነው፤ የእጅ መደገፊያው ከቋሚው ጋር የተያያዘበት ቪቴ ከወለቀ፣ ቋሚው ሲረዳው የነበረው ድጋፍ ቀርቶ ብቻውን ይወዛወዛል።

ከዚያ ጠጋ ብሎ ማየት ነው። እንጨቱ ላይ የሚያብረቀርቅ የተፋተገ ቦታ ካለ ሁለት ነገሮች እዚያ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲፋጩ ኖረዋል ማለት ነው። እግሩ ዙሪያ እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ተከምሮ፣ በላዩም የመርፌ ቀዳዳ የሚያካክሉ ክብ ቀዳዳዎች ከታዩ ነቀዝ ገብቶበታል። ወለሉ በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ በሚወለወልበት ቤት ደግሞ ከእግሩ ጀምሮ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ የሚወጣ የጠቆረ ቀበቶ ይታያል። እዚያ ላይ ወስፌውን ይውጉበት። ጤነኛ እንጨት ወስፌውን አጥብቆ ይይዘዋል፤ ቢፈነቅሉትም ረጅም ስንጥር ሆኖ ይነሳል። የበሰበሰው ያለድምፅ ያስገባዋል፤ ሲፈነቅሉት ተፈርክሶ ይወጣል። ከ20 በመቶ በታች ውኃ የያዘ እንጨት አይበሰብስም፤ ስለዚህ መበስበስ በታየበት ሁሉ የሚፈለገው የውኃው መምጫ ነው።

ከምርመራው የሚወጣው ውጤት ከአራቱ አንዱ ነው፦ ብሎኑ ላልቷል፤ የእንጨቱ መገጣጠሚያ ሰፍቷል፤ ቋሚውን የያዘው ወለል ደክሟል፤ ወይም ራሱ እንጨቱ ታሟል። የመጀመሪያው መፍቻ ይበቃዋል፤ ጭንቅላቱ በክብ የእንጨት ውታፍ ተደፍኖ ከሆነ ውታፉን አውጥቶ ማጥበቅ ነው። ሦስተኛው ወለሉ ተከፍቶ ከሥር ድጋፍ ሞራሌ ይፈልጋል። አራተኛው የታመመውን ክፍል ቆርጦ መቀጠል ወይም መቀየር ነው። ብሎንና ኮላ የሚፎካከሩት በሁለተኛው ላይ ብቻ ነው።

ኮላ የሚችለውና የማይችለው

ነጭ የእንጨት ኮላ ጥሩ ሆኖ ሲሠራ ከእንጨቱ ከራሱ ይበረታል፤ እንዲለያይ ቢገደድ የሚሰነጠቀው እንጨቱ ነው። ይህን ለማድረግ ግን ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ንጹሕ እንጨት፣ የተቀራረቡ ፊቶችና ግፊት።

ንጹሕ ሲባል ከአቧራ ብቻ አይደለም። አሮጌ ኮላ፣ ቬርኒሽና ቀለም ያለበት ቦታ ላይ አዲስ ኮላ ቢቀባ የሚይዘው አሮጌውን ሽፋን ነው፤ እንጨቱ ውስጥ አይገባም። ክፍተቱ ውስጥ ኮላ አንቆርቁሮ መተው ብዙ ጊዜ የማይሠራው ለዚህ ነው። መገጣጠሚያው መፈታት፣ አሮጌው ኮላ በመሮ ተፍቆ በብርጭቆ ወረቀት መጥራት አለበት። ፊትና ፊቱ ካልተቀራረበ ደግሞ ነጭ ኮላ ሲደርቅ ስለሚሟሽሽ ክፍተት አይሞላም። በሰጋቱራ አቡክቶ መሙላት ስንጥቅን ለመሸፈን ይሆናል፤ ክብደት ለሚሸከም ቦታ ግን አይሆንም። ምላሱ ከሳሳ በስሱ የተላገ የእንጨት ልጣጭ ጎኑ ላይ ለጥፎ ማወፈር ነው የሚሻለው። ልጣጩ የምላሱን ቁመት ተከትሎ ይለጠፍ፤ ኮላ ከእንጨት ጎን ጋር እንጂ ከተቆረጠ አፉ ጋር በደንብ አይያያዝም።

በባሌ ደጋ አራተኛ ጉዳይ ይጨመራል፤ እሱም ብርዱ ነው። የተለመደው ነጭ ኮላ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ በትክክል አይያያዝም። ውኃው ይተናል፣ የኮላው ቅንጣቶች ግን እርስ በርስ አይዋሐዱም። ምልክቱን በዓይን ማየት ይቻላል፦ በደንብ የደረቀ ኮላ መስታወት መስሎ ይጠራል፤ ብርድ የመታው እንደ ጠመኔ ነጥቶ ይቀራል፣ በጥፍር ሲፋቅም ይረግፋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ከሥራ መልስ ተጣብቆ ሌሊቱን ያደረ ቋሚ የሚገጥመው ይህ ነው። ስለዚህ ኮላው ጠዋት 4 ሰዓት ግድም፣ ቤቱ ከሞቀ በኋላ ይቀባ፤ የቀኑ ሙቀት ከፊቱ እንዲሆን። ኮላው ራሱና እንጨቱም ከብርድ ክፍል አይምጡ። በሞርሳ፣ ሞርሳ ከሌለም በገመድ አስሮ በዱላ ጠምዝዞ ለአንድ ሰዓት ያህል ማጥበቅ፣ ለ24 ሰዓትም ማንም እንዳይነካው ማድረግ ያስፈልጋል።

ክፍተቱ ከወረቀት ውፍረት በላይ ከሆነ ወይም ደረጃው በረንዳ ላይ ሆኖ ዝናብ የሚደርስበት ከሆነ ነጭ ኮላ ቦታው አይደለም። እዚያ ሁለቱ ክፍሎቹ ተቀላቅለው የሚጠነክሩት ኢፖክሲ ይሻላል። ክፍተት ይሞላል፣ ውኃም አያላላውም። በብርድ ግን እሱም ይዘገያል፤ ልኩን ሳያዛቡ መቀላቀል፣ ጓንት ማድረግና መስኮት መክፈት ግዴታ ነው።

የኮላ ድክመት አንድ ነው፦ አንዴ ከያዘ በኋላ ማጥበቅ አይቻልም። በሚቀጥለው ጊዜ እንጨቱ ሲንቀሳቀስ ኮላው ወይ ይይዛል ወይ ይለቃል። ብሎን ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ብሎን፦ ጉልበቱም አደጋውም ቀዳዳው ላይ ነው

ብሎን ከምስማርና ከቪቴ የሚለየው ሁለቱን እንጨቶች እርስ በርስ በመጫን ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ሁለቱ ፊቶች ይጨመቃሉ፤ ቋሚውን ከመወዛወዝ የሚያግደውም ይህ ጭመቃ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ከዳር እስከ ዳር ዘልቆ በሌላው ወገን በሮንዴላና በዳዶ የሚታሰር ነው፤ ሲላላ በመፍቻ ይመለሳልና። ዳዶ የሚገባበት መንገድ ከሌለ ወፍራም የእንጨት ቪቴ ይገባል።

ለደረጃ ዋና ቋሚ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎን ጥሩ ልክ ነው። ቢያንስ ሁለት ይሁን። ሁለቱ በቁመት የተቻለውን ያህል ይራራቁ፤ አንዱ ወለሉ አጠገብ፣ ሌላው ወደ ታችኛው ጫፍ። በአንድ የእንጨት ጅማት መስመር ላይ አይሁኑ፤ ጥቂት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ካልተለያዩ ስንጥቅ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። ከእንጨቱ የተቆረጠ አፍ 7 ሴንቲ ሜትር፣ ከጎኑ ጠርዝ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል መራቅ አለባቸው።

ከዳር እስከ ዳር ለሚዘልቅ ብሎን ፑንታው የብሎኑን ልክ ያህል ይሁን፤ ሰፋ ያለ ቀዳዳ አዲስ የመወዛወዣ ቦታ ነው። ለ10 ሚሊ ሜትር ቪቴ ግን ቀዳዳው ሁለት ልክ አለው። ቪቴው በሚያልፍበት በመጀመሪያው እንጨት 10 ሚሊ ሜትር፣ ጥርሱ በሚነክስበት በሁለተኛው እንጨት ለፈረንጅ ጽድ ከ5 እስከ 6፣ ለደረቅ ባሕር ዛፍ ደግሞ 7 ሚሊ ሜትር። የመጀመሪያው እንጨት በጠባቡ ከተበሳ ጥርሱ ሁለቱንም ስለሚነክስ መቀራረባቸው ይቀራል፤ ብዙ ሰው አጥብቆ አጥብቆ ክፍተቱ የማይዘጋለት ለዚህ ነው። ጥርሱ ላይ ሳሙና ማሸት መግባቱን ያቀላል፤ ደረቅ ባሕር ዛፍ ውስጥ ቪቴ እንዳይሰበርም ይረዳል።

ሮንዴላው ሰፊ ይሁን፤ ዲያሜትሩ የብሎኑን ሦስት እጥፍ ያህል። ጠርዙ እንጨቱን መጫን ሲጀምር ማቆም ነው። ከዚያ ወዲያ የሚጠብቀው ብሎኑ ሳይሆን የሚጨፈለቀው እንጨቱ ነው። አሮጌው ቀዳዳ ሰፍቶ ብሎን የማይይዝ ከሆነ በትልቅ ፑንታ አጥርቶ፣ እንደ ወይራ ያለ ጠንካራ እንጨት በልኩ ጠርቦ በኮላ መድፈን፣ ከደረቀ በኋላ እንደ አዲስ መብሳት ይቻላል።

አሁን ጥያቄው ሊመለስ ይችላል። መገጣጠሚያው የሚፈታ፣ ንጹሕና የተቀራረበ፣ ቤት ውስጥም የሚገኝ ከሆነ ኮላ። የሚንቀሳቀስ እንጨት፣ ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ወይም ውጭ ያለ ደረጃ ከሆነ ብሎን። ለዋና ቋሚ ግን ሁለቱም አብረው ሲሆኑ ያምራሉ፤ ብሎኑ ኮላው የሚፈልገውን ግፊት ይሰጣል፣ ኮላው ደግሞ ፊቶቹ እንዳይፋተጉ ይይዛል። ምላሱ ላይ ሽብልቅ የሚገባ ከሆነ፣ ቀዳዳው ያለበትን እንጨት ጅማት አቋርጦ እንዲገፋ ሳይሆን ጅማቱን ተከትሎ እንዲገፋ አድርጎ ማስገባት ነው፤ አለዚያ ሽብልቁ ራሱ ወለሉን ይሰነጥቃል።

የኮንክሪት ደረጃና የብረት ቋሚ

ዛሬ የሚሠሩት ባለፎቅ ቤቶች ደረጃቸው በአብዛኛው ኮንክሪት፣ መደገፊያቸው ቱቦላሬ ብረት ነው። ቁሱ ቢለወጥም የ90 ለ5 ስሌቱ አይለወጥም። የቋሚው እግር ላይ የተበየደው ላሜራ ሰፋ ባለ ቁጥር ብሎኖቹ ይራራቃሉ፣ ሸክማቸውም ይቀንሳል።

እዚህ የተለመደው ስህተት የብሎኑን ርዝመት ከላይ መቁጠር ነው። መርገጫው ላይ ያለው እብነ በረድ ወይም ቴራዞ 3 ሴንቲ ሜትር፣ ከሥሩ ያለው ልስን ሌላ 2 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ 8 ሴንቲ ሜትር የገባ ፊሸር ኮንክሪቱን የያዘው በ3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ንጣፉ ጉልበት አይቆጠርለትም፤ መያዣው የሚለካው ከኮንክሪቱ ጀምሮ ነው። ሁለተኛው ስህተት ወደ ደረጃው ጠርዝ መጠጋት ነው። ሲጠብቅ የሚሰፋ ብሎን ኮንክሪቱን ወደ ጎን ይገፋል፤ ጠርዝ አጠገብ ከሆነ ያፈርጠዋል። ጠርዙ ቅርብ ሲሆን ቀዳዳው ውስጥ በሚደርቅ ኬሚካል የሚያዝ የብረት ዘንግ ይመረጣል፤ እሱ አይገፋም። ቀዳዳው ግን ከብናኙ በብሩሽና በትንፋሽ ወይም በፓምፕ ደጋግሞ መጽዳት አለበት፤ አለዚያ ኬሚካሉ የሚይዘው አቧራውን ነው።

ብየዳው ራሱ ከተሰነጠቀ ወይም ከቀለሙ ሥር ዝገት ከበላው ኮላም ብሎንም አያድነውም። ዝገቱ እስኪጠራ ተፍቆ እንደገና ይበየድ፤ እግሩም ላይ ውኃ እንዳይቆም ይደረግ።

መፈተንና መጠበቅ

ኮላው 24 ሰዓት ከሞላው በኋላ ቋሚውን በአራቱም አቅጣጫ፣ መጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ ቀስ በቀስ በሙሉ የሰውነት ክብደት ይግፉት። ድምፅ መስማት የለብዎትም፤ እግሩ ላይ ያስገቡት ወረቀትም መግቢያ ማጣት አለበት። በዚያው አጋጣሚ በትናንሾቹ ቋሚዎች መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ። ከ10 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ የሕፃን አካል ሊያልፍበትና ጭንቅላቱ ሊያዝ ስለሚችል አንድ አንድ ዘንግ መጨመር ይገባል። ሥራው እስኪያልቅ ደረጃው ላይ ገመድ ዘርግቶ ልጆችን መከልከል የጥገናው አካል ነው።

በብሎን የታሰረ ቋሚ በዓመት አንድ ቀን ይፈልጋል። ለባሌ ደጋ የሚመቸው ጊዜ መኸሩ ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ያለው ጥር ነው። እንጨቱ ከዓመቱ ሁሉ ይልቅ ደርቆ የሚገኘው ያኔ ስለሆነ የላላው ሁሉ በግልጽ ይታያል፤ ያኔ የጠበቀ ብሎን ዝናቡ ሲመጣ አይላላም። የሚጠበቀው ግን ሩብ ዙር ያህል ብቻ ነው፤ እንጨቱ በበልግ ሲያብጥ ሮንዴላው ሥር እንዳይጨፈለቅ ቦታ ይተውለታል። ብሎኑ በየዓመቱ ያንኑ ሩብ ዙር ከጠየቀ ቋሚው ደኅና ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሙሉ ዙር ከጠየቀ ግን አጥብቆ ማለፍ አይበቃም፤ ወስፌና ባትሪ ይዞ «ለምን ላላ?» ወደሚለው ጥያቄ መመለስ ነው።